ጀበናዋ ተነሳች፣ ስፒከሩ ቀረ

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታችን፣ ምድር ቤቱ ላይ ግሮሰሪ አለ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ሲከፈት የቁም ሳጥኔ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እጄን አስደግፌ አይቻለሁ፣ ቤዙ በመታ ቁጥር ይነዝራል። ልጄ ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ ነው የምታጠናው።

እዚያው ብሎካችን ደረጃ ሥር ደግሞ ቡና የምታፈላ ልጅ ነበረች። አንድ ረከቦት፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አምስት ዱካ፣ በቃ። ጠዋት 12 ሰዓት ትመጣለች፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቄጠማዋን ጠርጋ፣ አመዷን በፌስታል ቋጥራ ትሄዳለች። ቁልፍ የሚረሳ እሷ ጋ ያስቀምጣል። ከትምህርት ቤት ቀድሞ የመጣ ልጅ እናቱ እስክትመጣ እሷ አጠገብ ይቀመጣል። ባለፈው ወር ደንብ አስከባሪዎች መጡና «ይሄ መኖሪያ ነው፣ እዚህ ንግድ አይቻልም» ብለው አስነሷት። በማግስቱ ዓርብ ነበር፣ ስፒከሩ እንደተለመደው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ጮኸ።

ግሮሰሪው ሕገወጥ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ምድር ቤቶች ገና ሲሠሩ ለንግድ ተብለው ነው የተሠሩት። በጨረታ ተሸጠዋል፣ ከጨረታው የተገኘው ገንዘብም የቤቶቹን ወጪ ደግፏል። ባለቤቱ ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ ሠራተኛ ቀጥሯል። ይዘጋ አላልኩም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሰው እንቅልፍ የሚነሳው ሰውዬ ወረቀቱ ሙሉ ስለሆነ ማንም ሳይነካው፣ ማንንም ያልነካች ልጅ ወረቀት ስለሌላት ብቻ ለምን ትባረራለች?

ችግሩ ያለው የምንጠይቀው ጥያቄ ላይ ይመስለኛል። «ቦታው የመኖሪያ ነው ወይስ የንግድ?» ብለን እንጀምራለን፣ እዚያው እንጨርሳለን። አዲስ አበባ መሀል ላይ ይሄ ጥያቄ ብዙም አያስኬድም። አራት ኪሎ በሉት፣ ፒያሳ በሉት፣ ጨርቆስ በሉት፣ ሰው ሲኖርም ሲነግድም የቆየው አንድ አጥር ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ጓሮ ቤተሰብ፣ ጎን ላይ ልብስ ስፌት። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ራሱ ቅይጥ አጠቃቀም ያውቃል።

በነገራችን ላይ በዚህች ከተማ ንግድን ከመኖሪያ በኃይል ለመለየት ከተሞከረባቸው ጊዜያት ዋነኛው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፣ ከ1928 እስከ 1933። ያኔ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን አካባቢ የነበረው የአራዳ ገበያ ለነጮቹ ሰፈር ሲባል ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ነው ዛሬ መርካቶ የምንለው ቦታ የሄደው። ያኔ የተለየው ጩኸት ከእንቅልፍ አልነበረም፣ ሰው ከሰው ነበር። ዛሬ «ሰፈሩን ማጽዳት» የሚባል ነገር ስሰማ ይሄ ትዝ ይለኛል፣ ማን ነው የሚጸዳው ብዬ እጠይቃለሁ።

መጠየቅ ያለብን ሥራው ጎረቤት ላይ ምን ያደርሳል የሚለውን ነው። ይጮኻል ወይ? ያጨሳል? ቆሻሻውን የት ይደፋል? እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ልብስ የምትሰፋ ሴት ቤቷ ቁጭ ብላ ብትሰፋ ማን ይጎዳል? ብየዳ ቤት ግን ሌላ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት መንገድ ዳር ብልጭታው ዓይን ያጠፋል፣ ግራይንደሩ ጆሮ ይበሳል። ዘይቱን ቱቦ ውስጥ የሚደፋ ጋራዥም እንደዚያው። እነዚህ ከመኝታ ቤት ግድግዳ መራቅ አለባቸው፣ ባለቤቱ የፈለገው ዓይነት ፈቃድ ይኑረው። «እንጀራዬ ነው» ማለት እውነት ነው፣ ግን የጎረቤት እንቅልፍም የነገ እንጀራው ነው፣ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ነው እኮ የሚኖርበት።

ድምፅን በተመለከተ መለኪያ የለም እንዳይባል፣ አለ። በአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55 ዴሲቤል፣ ማታ 45 ነው። ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ማታ 55። ማታ የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው። አሁን የኛን ሕንፃ አስቡት፦ ታች ንግድ፣ ላይ መኝታ ቤት። በየትኛው ይለካ? እኔ በመኝታ ቤቱ ነው የምለው፣ ድምፁን የሚሰማው ሰው የተኛው እዚያ ነውና። በንግዱም ይለካ ቢባል ግን ሁለት ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ራሱ 60 አካባቢ ይደርሳል። መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ስፒከር በየትኛውም አያልፍም።

የሚለካ ሰው ግን ማታ የለም። ተቆጣጣሪ የሚመጣው ቀን ነው፣ ቀን ደግሞ ግሮሰሪው ዝም ያለ ቤት ነው። ቀን የምትገኘው ጀበናዋ ነች። ስለዚህ እሷ ተነሳች።

ለጥቃቅን ሥራ ደግሞ በሩን ማስፋት ያስፈልጋል። ንግድ ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ የቤት ማስረጃ ወይም የኪራይ ውል ይጠየቃል። ደረጃ ሥር ቡና የምታፈላ ልጅ ይሄን ከየት ታመጣለች? «ሕጋዊ ሁኚ» እያልን ሕጋዊ የምትሆንበትን በር ዘግተን ነው የያዝናት። ለማይጮኽ፣ ለማያጨስ፣ በጊዜ ለሚዘጋ ትንሽ ሥራ ጎረቤት ፈርሞለት ወረዳው የሚመዘግበው ቀላል ፈቃድ ቢኖር ምን ይቸግራል? ጎረቤት ከተቀየመ ይሰረዛል፣ አለቀ።

ባለፈው እሁድ የብሎካችን ስብሰባ ነበር። ጉዳዩን አነሳሁት። አንደኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ፣ ብዙ ጊዜ ስብሰባ ላይ አይናገሩም። «እሷ ነበረች ጠዋት በሬን አንኳኩታ እንዴት አደሩ የምትለኝ» አሉ። «አሁን ብሞት እንኳ ማን ያውቃል?» ቤቱ ጸጥ አለ።

ደረጃው ሥር ያለው ቦታ የጋራ ንብረታችን ነው፣ የነዋሪዎች ማኅበራችን ሐሳብ ሊሰጥበት ይችላል። ደብዳቤ ጽፈን ሰኞ ወረዳ አስገብተናል። ሁለት ነገር ነው የጠየቅነው፦ ልጅቷ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ፣ እና ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ መለኪያ የያዘ ባለሙያ እንዲላክልን። የሚመጣው ሰው ሦስተኛ ፎቅ ይውጣ፣ በሬ ክፍት ነው። መስኮቱ አጠገብ ወንበር አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ።