መርፌው ስለቀለለ ሸክላው አይተርፍም

«የማጫወቻው መርፌ በቀለለ ቁጥር የሙዚቃ ሸክላው አይጎዳም» ላልከው፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። ከልኩ በታች የቀለለ መርፌ ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ አጥብቆ አይዝም። ድምፁ ሲበረታ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፤ ሸክላውን የሚቦጫጭረውም ያኔ ነው። የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ምራቅ እንደሚተፋ ሰው ከተንሻሹ፣ ምልክቱ ይኸው ነው። እኔም አንዱን የአባቴን ሸክላ በዚሁ ጉድ አበላሽቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመርፌው አምራች የጻፈውን የክብደት ልክ ተከተል። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የሚባለው መርፌ ለምሳሌ 1.8 ግራም ይፈልጋል። መጀመሪያ መርፌውን የያዘው ክንድ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ የኋላውን ክብደት አዙር። ከዚያ ክብደቱ ላይ ያለውን የቁጥር ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አድርግና ክብደቱን ከነቀለበቱ እስከ 1.8 አዙር። መርፌው ዘለለ ብለህ ግን ከላዩ ሳንቲም እንዳትጭን፣ አደራ!