ጌም ፍሪክ ከፖኪሞን በፊትም ነበረ
ፖኪሞን የተባለውን የቪዲዮ ጌም ስለሠራው የጃፓን ኩባንያ ስለ ጌም ፍሪክ የጻፋችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል፣ ግን ኩባንያውን ከፖኪሞን ጋር አብሮ የተወለደ አስመሰላችሁት። ኧረ ከዚያ በፊት ብዙ ታሪክ አለ! ጌም ፍሪክ መጀመሪያ መሥራቹ ሳቶሺ ታጂሪ እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የቪዲዮ ጌም መጽሔት ነው፤ በእጁ እየጻፈ፣ ወረቀቱን በስቴፕለር እያያያዘ። ሥዕሎቹን ኬን ሱጊሞሪ ይስል ነበር። ኩባንያ የሆኑት በ1989 ነው። ፖኪሞን ደግሞ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ1996 ወጣ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የገመዱ ነገር ነው። ታጂሪ ልጅ እያለ እንደ ጥንዚዛ ያሉ ነፍሳትን መሰብሰብ ነፍሱ ነበር፣ እና ሁለት ጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ) የሚያገናኘውን ገመድ ሲያይ ነፍሳት በላዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ታየው፤ ተጫዋቾች ፖኪሞን የሚባሉትን የጌሙን ፍጥረታት እርስ በርስ መለዋወጣቸው የመጣው ከዚህ ነው። ይህን መዝለል ያሳዝናል፣ እባካችሁ ክፍል ሁለት ጻፉልን።