ስድስት ደቂቃና አንድ ፊውዝ

ጀርመኖች ስለ ባቡራቸው ሲያወሩ የሰማ አበሻ አገሪቱ ነገ የምትፈርስ ሊመስለው ይችላል። የአውሮፓ ትልቁ ኢኮኖሚ የእነሱ ነው። ሐዲዳቸው ከ33 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በ2026 መጀመሪያ 63 ዩሮ የገባው ወርኃዊ ቲኬት፣ ከፈጣኖቹ ባቡሮች በስተቀር፣ ከሐምቡርግ እስከ ሙኒክ ያሳፍራል። ሰሌዳው ላይ «10 ደቂቃ ዘግይቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ግን የቆመው ሁሉ በረጅሙ ተንፍሶ አገሩን ያማል። አዲስ የመጣው የኛ ሰው ይስቃል። «ጠግበው ነው» ይላል።

ጠግበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ናቸው። በሰዓቱ ደረሰ የሚባለውም ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየው ነው። ጭራሽ የተሰረዘ ባቡር በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ተሳፋሪው የሚያየው ቀን ቁጥሩ ከሚለው የባሰ ነው። ደግሞም ጀርመናዊው ራሱን የሚያስተያየው ከአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ከስዊዘርላንድ ጋር ነው። እዚያ መለኪያው 3 ደቂቃ ነው፤ በጣም ዘግይቶ የመጣን የጀርመን ባቡር ድንበሯ ከተማ ባዝል ላይ አስቀርተው መንገደኛውን በራሳቸው ባቡር የሚቀጥሉበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለው ነገር ለጀርመናዊ ከመዘግየቱ በላይ ያንገበግበዋል።

መነሻው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የምሥራቁና የምዕራቡ ባቡር ድርጅቶች ተዋህደው አክሲዮን ማኅበር ሲሆኑ ትርፍ ማሳየት ግድ መጣ። አክሲዮኑን ለገበያ የማቅረቡ እቅድ በ2008 ቢቀርም ቁጠባው ቀጠለ። ብዙ ጥቅም የለውም የተባለው የማለፊያ ሐዲድና መስመር መቀየሪያ ተነቀለ። አሁን አንድ የጭነት ባቡር ሲበላሽ ከኋላው ያለው ፈጣን ባቡር የሚያልፍበት ስለሌለው ተከትሎት ይቆማል። ጥገናውም ሌላ ቅሬታ ይወልዳል፦ ከፍራንክፈርት ማንሃይም ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር፣ በቀን ከ300 በላይ ባቡር የሚያስተናግደው፣ በ2024 ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ተዘግቶ ነው የታደሰው። (አበሻውም ሦስት አራት ዓመት ከከረመ ከባለአገሮቹ ብሶ ያማርራል። ልዩነቱ፣ እሱ ሲያማርር «አገርህስ እንዴት ነው?» የሚለው አይጠፋም።)

ይህ ሁሉ ምሬት ግን የሚሄድበት አድራሻ አለው። 60 ደቂቃ ከዘገየ ከጉዞው ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሞላ 50 በመቶ ይመለሳል። ጥያቄው በ3 ወር ውስጥ በስልክ መተግበሪያ ወይም በወረቀት ፎርም ይቀርባል። ከ4 ዩሮ በታች ግን አይከፈልም። በወርኃዊው ቲኬት የሚሄድ ሰው ለአንድ የ60 ደቂቃ መዘግየት የሚታሰብለት 1.50 ዩሮ በመሆኑ ቢያንስ ሦስቱን አጠራቅሞ አንድ ላይ መላክ ይኖርበታል፤ ለየብቻ የላከ ባዶ እጁን ይቀራል። መዘግየቱ ከድርጅቱ አቅም በላይ በሆነ ማዕበል ከመጣም ክፍያ የለም። ገንዘቡ ኢምንት ነው። ፎርሙ ግን የባቡሩን ቁጥር፣ ቀኑንና የመድረሻ ሰዓቱን ይጠይቃል፤ ቅሬታውን በአንድ ባቡር ላይ ያስቀረዋል። ፎርሙን ሞልቶም አገሩን የሚያማ መቼም ሞልቷል።

ወደኛ ስንመጣ፣ የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። በቅርብ የሚያውቀው ሁሉ የሚኮራበት ሥራ ነው። ሆኖም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ደውሎ «እንዴት ናችሁ?» ያለ ሰው «መብራት የለም» ከመባል አይድንም። ከባሕር ማዶ ያለው ይበሳጫል፤ ምስጋና ቢስነት ይመስለዋል።

እስቲ መስመሩን እንከተለው። ኃይሉ ከግድቡ በ500 ኪሎ ቮልት በደዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያዎች እየወረደ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት ሰፈር ይገባል፤ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ይቀይረዋል። እስከ ትልቁ ማስተላለፊያ ድረስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስርጭት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ግድቡ የተመረቀው በመጀመሪያው ጫፍ ነው፤ መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው።

አንድ ባለ 200 ኬቪኤ፣ ማለትም 200 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሸከም፣ ትራንስፎርመር እንውሰድ። የእንጀራ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። 50 ምጣድ አብሮ ከጋለ አቅሙ አለቀ፤ ለአምፖል፣ ለፍሪጅ የተረፈ ነገር የለም። ጭነቱ በሦስቱ ፌዝ (ኃይሉን ወደ ቤቶች በሚያከፋፍሉት ሦስት ሽቦዎች) እኩል ካልተከፋፈለ ደግሞ አንዱ ፌዝ ላይ 17 ምጣድ ብቻ ይበቃል። የበዓል ዋዜማ፣ ሁሉም ሊጡን አቡክቶ ምጣዱን ሲያሰማ የዚያ ፌዝ ፊውዝ ይቃጠላል። ለዚህ ነው የጎረቤት ቤት እየበራ የእኛው የሚጨልመው። ሰፈሩ ላይ ፎቅ ሲጨመር ትራንስፎርመሩ ካልተቀየረ፣ ግድቡ እጥፍ ቢያመነጭም ያች ምጣድ አትግልም። ጀርመን ውስጥ የሰፈር መስመር በአብዛኛው ከመሬት በታች የተቀበረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ደንበኛ በአማካይ መብራት ያጣው 12.8 ደቂቃ ነበር፣ በዓመት።

እንግዲህ የአዲስ አበባው ሰው የሚያማው ግድቡን አይደለም። የወር ደመወዙን ሰጥቶበታል፣ ቦንድ ገዝቶበታል፣ በ8100 መልእክት ልኮበታል። የሚከራከረው እንደ ባለድርሻ ነው። ችግሩ፣ ለተበላሸው ሊጥ የሚሞላው ፎርም የለውም። ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል፣ 905 ላይ፣ ይደውላል፤ መስመሩ ከተያዘበት ምሬቱ ከፊውዝ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መንግሥት፣ ከዚያም «ይህች አገር እኮ...» ወደሚለው ያድጋል። ይህን የሰማ ሌላው ደግሞ ጸረ ልማት ይለዋል፤ የተቃጠለው ፊውዝ በክርክሩ መሀል ይረሳል።

ከሩቅ ያለው የተሠራውን ይቆጥራል፤ የግድቡ ምስል ስልኩ ላይ ነው። የቅርቡ ቤቱ የደረሰውን ይቆጥራል። ያው ዳያስፖራ ፍራንክፈርት ላይ ጀርመኑን «ጠግበሃል» ሲለው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በእርግጥ እንዲሁ ልማድ ሆኖበት የሚያማርርም አለ፤ መድኃኒቱ ግን ዝም ማሰኘት አይመስለኝም። ለእናቱ የደወለ ልጅ ስለ 5,150 ሜጋ ዋት ከሚሰብክ ይልቅ ይጠይቅ፦ እማዬ፣ የጠፋው የእናንተ ቤት ብቻ ነው ወይስ ሰፈሩ? ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ አንድ ፌዝ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ትራንስፎርመሩ ድምፅ አሰምቶ ነበር? ካርድ ቆጣሪው ላይ ብር አለ? መልሱን ይዘው 905 የደወሉ እናት ለተረኛው ቴክኒሻን ግማሹን ሥራ ሠርተውለታል።