ይድረስ ለክቡር የፒካፕ የፊት ፍርግርግ

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ትናንት መብራት ላይ ከኋላዬ መጥተው ስፖኪዮዬን በክሮም እስኪሞሉት ድረስ ደህና ነበርኩ። ሾፌርዎን ብፈልግ አጣሁት፤ የታየኝ ጥርስዎ ብቻ ነው። ምን በድዬ ይሆን?

ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ጠፍጣፋ፣ ጭምት ፊት ነበረዎት፤ ሥራዎም ለራዲያተሩ ንፋስ ማሳለፍ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ዶጅ ራም የተባለው የአሜሪካ ፒካፕ የከባድ መኪና ፊት ለብሶ፣ ኮፈኑን ሽቅብ ወጥሮ፣ ፓራፋንጎውን ዝቅ አድርጎ ብቅ አለ። ገበያው ደራለት። ይኸው እስከ ዛሬ ፉክክሩ ሁሉ በግንባር ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የአፍዎ ነገር ነው። ይህን የሚያህል አፍ ከፍተው፣ ከኋላው መዝጊያ ያስገጥማሉ! እ.ኤ.አ. የ2013ቱ ራም 1500 ብዙ ማቀዝቀዝ በማያስፈልግበት ጊዜ፣ የንፋሱን ግፊት ለመቀነስ ራሳቸውን የሚዘጉ ክንፎች ይዞ መጣ። ለአየር ተብሎ የተከፈተው፣ አየር እንዳይገባ ይዘጋል። ኤሌክትሪኩ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግማ ነዳጅ የሚያነድ ሞተር እንኳ የለው፤ በአፉ ቦታ ድፍን ሰሌዳ ተደርጎለታል። አፍ የሌለው አፍ ማለት ይህ ነው።

ግንባርዎ ላይ የሚደረደሩት ሦስት ብርቱካናማ መብራቶችስ? የአሜሪካ ደንብ ስፋታቸው 80 ኢንች፣ ማለትም 2.03 ሜትር ያህል ለሞላ መኪኖች ያዘዛቸው ናቸው፤ ግዝፈታቸው በጨለማ እንዲታወቅ። አሁን ስፋቱ የማይደርስ ፒካፕ ሁሉ እየገዛ ያስለጥፋቸዋል። «ወፍራም ነኝ፣ ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ በገንዘቡ ገዝቶ ግንባሩ ላይ የሚለጥፍ ከእርስዎ ወገን በቀር አላየሁም።

እስቲ ሳቁን ትንሽ እናቆየው። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ1 ሜትር ገደማ በላይ ከፍ ያለ ፒካፖችና መሰሎቻቸው እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው፣ ኮፈናቸው ከ76 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠና ፊታቸው ዘንበል ካለ መኪኖች በ45 በመቶ ያህል ይበልጣል። ከፊትዎ የሚያልፍ ሕፃን ለሾፌርዎ እንዲታይ ከግንባርዎ አንድ ስንዝር ቢቀንሱ ማን ይንቅዎታል?

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እያጓሩ ሲያልፉኝ፣ ምን ቢሸከሙ ነው ብዬ ወደ ጭነት ቦታዎ ተመለከትኩ። አንድ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ከዳር ዳር ይንከባለል ነበር።

አክባሪዎ፣
በስፖኪዮዋ ውስጥ የዋጧት የትንሿ መኪና ባለቤት