መሬት አልረጋ ስትል ቀን ቆርጦ የሚነግረንን ለምን እናምናለን?

ከትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ሌሊቱ ቶሎ አይነጋም። ሰው ልብሱን እንደለበሰ ጋደም ይላል። ጫማውን በጨለማ እግሩ በሚያገኝበት ቦታ ያኖራል። የበሩ ቁልፍ የት እንዳለ ትንሹ ልጅ እንኳ ያውቃል። ደጅ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ቤተሰቡ በሙሉ ጸጥ ብሎ አምፖሉን ያያል። አምፖሉ ካልተወዛወዘ ጨዋታው ይቀጥላል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ጃፓኖች ለዚህ ስሜት ስም ሰጥተውታል። «ጂሺን ዮይ» ይሉታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ስካር እንደ ማለት ነው። መሬቱ ረግቶ ሳለ ሰውነት የተወዛወዘ ይመስለዋል። እብደት አይደለም። ሰውነት ዘብ ቆሞ ውሎ አድሮ ገና አላረፈም።

ሁለት ሦስት ቀን ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም የየራሱን መላምት ይዞ ይመጣል። አንዱ «ጨረቃ ስትሞላ ነው የሚብሰው» ይላል። ሌላዋ «ሌሊት ሌሊት ይበዛል» ትላለች። «ትንንሾቹ እያስተነፈሱት ነው፣ ትልቁ አይመጣም» የሚልም አለ። «ኃያላን መንግሥታት ሆን ብለው የሚያደርጉት ነው» የሚልም አይጠፋም። ከዚያ «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከባዱ ይመጣል፣ ለወዳጅ ዘመድ አድርሱ» የሚል መልዕክት ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል።

እነዚህን ሰዎች መሃይም ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። (የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 1934 በሰሜን ሕንድ ቢሃር ውስጥ እጅግ ከባድ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ጃሙና ፕራሳድ የተባሉ ሕንዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከዚያ በኋላ የተናፈሱ ወሬዎችን ሰበሰቡ። ወሬዎቹ የተሰበሰቡት መሬቱ ሲርድ ከተሰማቸው፣ ነገር ግን ቤታቸው ካልፈረሰባቸው ሰዎች ነው። አብዛኛው ወሬ የባሰ እንደሚመጣ ነበር። አውሎ ነፋስ ይመጣል፣ ጎርፍ ይመጣል፣ ጨረቃ በምትጋረድበት ዕለት ሌላ መንቀጥቀጥ ይሆናል። የፈራ ሰው ለምን ይበልጥ የሚያስፈራ ወሬ ይፈጥራል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 ባቀረበው ማብራሪያ እነዚህ ሰዎች ፍርሃቱ ልባቸው ውስጥ ገብቷል፤ ዙሪያቸውን ሲያዩ ግን ለዚያ ፍርሃት የሚመጥን ነገር የለም። ስለዚህ ወሬው ለፍርሃታቸው ምክንያት ሆነላቸው።

እኔ ይህን ማብራሪያ እቀበለዋለሁ። አንድ ነገር ግን እጨምርበታለሁ። ሰው ከምክንያቱ ሌላ ማብቂያውንም ይፈልጋል። «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንኖረው?» የሚለው ጥያቄ ያንገበግበዋል። ቀን ቆርጦ የሚነግር ሰው የሚደመጠው ለዚህ ነው። «ቅዳሜ ነው» ሲባል ቢያንስ እሑድን አስቦ መተንፈስ ይቻላል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

የሚያሳዝነው፣ «እስከ መቼ» ለሚለው ሳይንስ መልስ አለው። የቆየ መልስ ነው። ፉሳኪቺ ኦሞሪ የተባለ ጃፓናዊ በ1891 የኖቢን አካባቢ የመታውን መንቀጥቀጥ ተከትለው የመጡትን እየቆጠረ፣ በ1894 አንድ ቀላል ሕግ አወጣ። በመጀመሪያው ቀን 100 ተከታይ መንቀጥቀጥ ከነበረ በሁለተኛው ቀን 50 ገደማ ይሆናል። በአሥረኛው ቀን 10፣ በመቶኛው ቀን ደግሞ አንድ። መጀመሪያ ቶሎ ይቀንሳል፣ ከዚያ ጭራው ይረዝማል። የኖቢው ጭራ መቶ ዓመት ያህል ሲከታተሉት እንኳ ያንኑ መንገድ አልለቀቀም።

ምክንያቱም ከባድ አይደለም። ዋናው መንቀጥቀጥ የሚመጣው ለዘመናት የተወጠረ ዓለት በስንጥቁ ላይ ድንገት ሲንሸራተት ነው። ውጥረቱ ግን እዚያው አይጠፋም። ወደ ጎረቤት ስንጥቆች ይሻገራል። እነሱ ደግሞ በየተራ እስኪረጉ ድረስ መሬት ትንቀጠቀጣለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሚቀንሰው ቁጥራቸው ነው እንጂ መጠናቸው አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት የሚመጣ መንቀጥቀጥ በሦስተኛው ቀን ከሚመጣው ያነሰ መሆን የለበትም። የመምጣት ዕድሉ ብቻ ነው ያነሰው። ስለዚህ «አሁንማ አልፏል» ብሎ የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ተመልሶ መተኛት ያስፈራኛል። ኔፓልን በሚያዝያ 25 ቀን 2015 መጠኑ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ መታት። ከ17 ቀን በኋላ 7.3 የሆነ ሌላ መጣ።

«ትንንሾቹ ያስተነፍሱታል» ወደሚለው ልምጣ። ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ መላምት ነው፤ ምክንያቱም ሳይንስ ይመስላል። ሒሳቡ ግን አይገጥምም። በመለኪያው አንድ ቁጥር ከፍ ሲል ጉልበቱ 32 እጥፍ ገደማ ያድጋል። አንድ ባለ 7 መንቀጥቀጥ የሚያወጣውን ጉልበት በባለ 5ቶች ለማስተንፈስ 1,000 ያስፈልጋል። በባለ 3ቶች ከሆነ አንድ ሚሊዮን። ትንንሾቹ በዚያ ብዛት መጥተው አያውቁም።

በጣሊያኗ ላኩዊላ ይህን መላምት ያናፈሰው የመንደር ወሬኛ አልነበረም። በ2009 መጀመሪያ ላይ ከተማዋ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጦች ስትናጥ ከረመች። አንድ ነዋሪ በቤቱ መሣሪያ ራዶን የተባለውን ጋዝ እየለካ ትልቅ ይመጣል ይል ነበር። ሕዝቡ ተረበሸ። በመጋቢት 31 ባለሙያዎች ለስብሰባ ተጠሩ። በዚያው ሰሞን አንድ የሲቪል መከላከያ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጉልበቱ እየወጣ ስለሆነ ሁኔታው ጥሩ ነው አለ። የከተማዋ ሰዎች ግን ከአባቶቻቸው የወረሱት ልማድ ነበራቸው። መሬት ስትነቃነቅ ከቤት ወጥተው አደባባይ ወይም መኪና ውስጥ ያድሩ ነበር። በሚያዝያ 5 ሌሊትም መሬት ተነቃነቀች። አንዳንድ ቤተሰቦች የኃላፊውን ቃል አስታውሰው እቤታቸው ተኙ። ከሌሊቱ 9:32 ላይ መጠኑ 6.3 የሆነው መጣ። ከ300 በላይ ሰው ሞተ።

ኃላፊውና ስብሰባው ላይ የነበሩ ስድስት ሳይንቲስቶች ተከሰሱ። ሰባቱም በ2012 የስድስት ስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ2014 ግን ስድስቱ ሳይንቲስቶች በይግባኝ ነፃ ወጡ፤ የኃላፊው ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አለ። ሳይንቲስቶቹ ነፃ መውጣታቸው ትክክል ነበር እላለሁ። መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት ማንም መናገር አይችልም፤ ባለመናገር አይታሰርም። ልቤን የሚሰብረው ግን ያ የቆየ ልማድ ነው። ሰው የሚያድነውን ነገር ያውቅ ነበር። ሊያረጋጋው የፈለገ ሰው አስተወው።

ጨረቃስ? ይህኛው መላምት ከባዶ አልተነሳም። ጨረቃ የምትስበው ባሕሩን ብቻ አይደለም። እግራችን ሥር ያለው ጠንካራ መሬትም በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቦታው ይለያያል እንጂ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ብዙ ሺህ መንቀጥቀጦች ተደምረው ሲታዩ ትንሽ ተጽዕኖ ይገኛል። ቀን ለመቁረጥ ግን አይበቃም። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በየካቲት 2011፣ 185 ሰው የገደለ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከዚያ አንድ ጨረቃን እያየ የሚተነብይ ሰው መጋቢት 20ን ጠቀሰ፤ ከተማውን ለቅቀው የሄዱም ነበሩ። ቀኑ በሰላም አለፈ። ማታ ላይ ግን 5.1 የሆነ መጣ። «አላልንም?» ያሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ተከታይ መንቀጥቀጥ በሚበዛበት ከተማ የትኛውንም ቀን ብንጠራ ዕለቱ ባዶውን የማለፉ ነገር ያጠራጥራል። «ሌሊት ይበዛል» የሚለውም ቢሆን ሌሊት ጋደም ስላልን፣ ዙሪያውም ጸጥ ስላለ ነው። ቀን የማይሰማን ያኔ ይሰማናል።

ስለ ሴራው ሁለት ነገር ልበል። በየካቲት 2023 ቱርክንና ሶርያን 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ መታ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ 7.5 ተከተለው። ወዲያው በአላስካ ያለው ሃርፕ የተባለ የምርምር አንቴና ተጠረጠረ። አንቴናው የሚልከው እስከ 3.6 ሜጋዋት ነው፤ ያውም ወደ ሰማይ። ቀን ከሌሊት ያለማቋረጥ ቢሠራ እንኳ የዚያን የ7.8 መንቀጥቀጥ ጉልበት ያህል ለማውጣት ከ270 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ነገር ግን «ሰው መሬትን አያናውጥም» ብሎ መደምደምም ውሸት ነው። በሕንድ ኮይና ከግድብ ጀርባ ውኃ ከተጠራቀመ በኋላ፣ በ1967 ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሰው ገድሏል። በአሜሪካ ኦክላሆማ ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣ ጨዋማ ውኃ መልሶ ወደ ጥልቅ መሬት ሲገፋ ስንጥቆች ተንሸራተቱ። በፊት በዓመት አንድ ሁለት ይመጣ የነበረው ባለ 3 እና ከዚያ በላይ መንቀጥቀጥ፣ በ2015 ከ850 በላይ ሆነ። የሚገፋው ውኃ ሲቀነስ እሱም ቀነሰ። ነዋሪው መጀመሪያ ሲጠረጥር «ወሬ ነው» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ማን ይጠይቅ ነበር? ልዩነቱ የኦክላሆማው ጥርጣሬ መፈተኑ ነው። ውኃው ተለካ፣ መንቀጥቀጡ ተቆጠረ፣ ውኃው ተቀንሶ ታየ።

መላምት ጥፋተኛ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ሲዞር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በመስከረም 1 ቀን 1923 ቶኪዮና ዮኮሃማ ፈርሰው ሲቃጠሉ፣ ኮሪያውያን የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል የሚል ወሬ ተነዛ። መሬት ገና እየተንቀጠቀጠች በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ተገደሉ። ገዳዮቹ ዱላና ስለት የያዙ የሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ ፖሊሶችና ወታደሮችም ነበሩበት። ስለዚህ «ወሬ ነው፣ ያልፋል» ሲባል አልስማማም።

እና ምን ይደረግ? «አትረበሹ» የሚለው መግለጫ ቢቀር ደስ ይለኛል። በሱ የተረጋጋ ሰው ላኩዊላ ላይ ምን እንደደረሰበት አይተናል። በምትኩ ቁጥሩ ይነገረን። ኒውዚላንድ ከክራይስትቸርች ጊዜ ጀምሮ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ባለ 5፣ ስንት ባለ 6 ሊመጣ እንደሚችል በሰንጠረዥ ታወጣለች። ከሳምንት ሳምንት ቁጥሩ ሲወርድ ሰው በዓይኑ ያያል። በካሊፎርኒያ ልምድም አንድ መንቀጥቀጥ በሳምንት ውስጥ ከሱ በሚበልጥ የመከተሉ ዕድል ከ20 አንድ ገደማ ነው። ይህን ሰምቶ የሚያብድ ሰው የለም። የሚያሳብደው ዝምታው ነው።

ቃል አመራረጡም ይታሰብበት። በጃፓን ኩማሞቶ በሚያዝያ 2016 መጀመሪያ 6.5 መጣ። ሰዉ «ከእንግዲህ የሚመጣው ተከታይ ብቻ ነው፣ ከዋናው ያንሳል» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ከ28 ሰዓት በኋላ 7.3 መጣ፤ ወደ ቤታቸው ከተመለሱት መካከል የሞቱ ነበሩ። የአገሪቱ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከዚያ ወዲህ በማስጠንቀቂያው ላይ «ተከታይ» የሚለውን ቃል ትቶታል። አንድ ቃል ሰው ሊያዘናጋ እንደሚችል አምኖ ማረም ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

እኛም በየቤታችን እንዲሁ። ልጅ ሌሊት ተነስቶ «ዛሬ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ «አይመጣም፣ ተኛ» ማለት ይቀለናል። ቢመጣስ? ነገ ማንን ያምናል? ሊመጣ ይችላል፣ ከትናንት ግን ዕድሉ ያነሰ ነው። ከመጣ ጠረጴዛው ሥር እንገባለን፣ ጭንቅላታችንን እንሸፍናለን። እኔ እዚሁ ነኝ። ጫማህም ይኸው።