በአቦል ቀርቦ በበረካ የጸደቀ

ዓለም ከኛ አካባቢ ቡናውን ወሰደ። የጦር መሣሪያ ግዥ ዘዴያችንን አለመውሰዱ ግን ያስቆጫል።

እስቲ ህንድን እዩልኝ። 126 ተዋጊ ጄት ልግዛ ብላ እ.ኤ.አ. በ2007 ጨረታ አወጣች። አሸናፊውን የፈረንሳይ ጄት ራፋልን የለየችው በ2012 ነው። ከዚያ በዋጋና በዋስትና ስትጨቃጨቅ ቆይታ በ2015 ጨረታውን ሰረዘችው። በ2016 የገዛችው 36 ብቻ! ጀርመኖቹማ ይባስ፦ ከ25 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ የመከላከያ ግዥ የፓርላማው በጀት ኮሚቴ ካላየው አይፈረምም። ወይ ፍርሃት!

እኛ ጅማ፣ ሄርማታ፣ ጀበና ሥር በርጩማ ስበን የምንሰየመው እንዲህ አንንቀረፈፍም። ድሮኑ አቦል ላይ ይቀርባል። ቶና ላይ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየናል። የቴክኒክ ግምገማው ይኸው ነው። ድሮኑ ከመታ፣ በተለይ ከበስተኋላው ሙዚቃ ካለው፣ አለፈ። በረካ ሳይቀዳ ጸድቋል። በጀቱስ? "መንግሥት ብር አጥቶ ነው?" ይላሉ የበጀት ሰብሳቢያችን፣ የትናንቱን ቡና በዱቤ የጠጡት ጋሼ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንኳ ዓመታዊውን በጀት የሚያጸድቀው በዓመት አንዴ፣ ሐምሌ ሳይገባ ነው። እኛ በየቀኑ ነን።

ባለፈው አንድ ባጃጅ ጠጋኝ ልጅ፣ እጁ ግሪስ እንደሆነ፣ መሐላችን ገባ። "መለዋወጫውን ማን ያመጣል? የሚያበረውስ የት ይሠለጥናል? ሻጩ አገር ነገ ተኳርፎ ሚሳይሉን አልሸጥም ቢልስ?" አለ። ስኒ ይዘን ቀረን። አይፈረድበትም፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ እየጠበቀ የቆመ ባጃጅ ደጁ ላይ አለ። ባጃጅና ድሮን ግን ምን አገናኛቸው? "አንተ ደግሞ፣ ሟርተኛ!" ተባለና ጥያቄው በሙሉ ድምፅ ወደቀ። (ክፉ ልጅ አይደለም። ቡና ያቀዘቅዛል እንጂ።)

ልጁ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ሥራው ቀለለን። በዚያችው በረካ የጦር መርከብ አጸደቅን፤ ያለ ተቃውሞ፣ ያለ ድምፀ ተዓቅቦ። የት ትቁም የሚለው ለነገ አቦል ተቀጥሯል። እስካሁን ብዙ ደጋፊ ያገኘው የግልገል ጊቤ ግድብ ነው።