ማስተካከያ፦ አራቱ የግምገማ ቅጾች አልተዋሃዱም

በአሜሪካ በነርሲንግ ሆም (አዛውንትና ሕሙማን ተኝተው በሚታከሙበት ተቋም) እና በሆም ሄልዝ (ቤት ድረስ በሚሰጥ ሕክምና) በሚሠሩ ወገኖቻችን መካከል እየተዘዋወረ ያለ አንድ መልእክት፣ ኢምፓክት አክት የተባለው ሕግ ከሆስፒታል ወጥተው ሕክምና የሚቀጥሉ ሕሙማን የሚገመገሙበትን ቅጽ አንድ አድርጎታል ይላል። ይህ ትክክል አይደለም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2014 የተፈረመው ሕግ ያዘዘው የተወሰኑ ጥያቄዎች በአራቱም ቅጾች ውስጥ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው። ቅጾቹ ግን ዛሬም ለየብቻ ናቸው፤ ነርሲንግ ሆም ኤምዲኤስ የተባለውን፣ ሆም ሄልዝ ኦኤሲስ የተባለውን ቅጽ ይሞላል፤ የሪሃብ (የማገገሚያ) ሆስፒታሎችና ሕሙማንን ለረጅም ጊዜ አስተኝተው የሚያክሙ ሆስፒታሎችም የየራሳቸው አላቸው። የሕጉ ጽሑፍና የሜዲኬር (በዋናነት ለአዛውንት የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) የአሞላል መመሪያዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ኑሯቸው እገዛ የሚያገኙ አዛውንት የሚኖሩበት ቤት) በሕጉ አልተካተተም።

ስሕተቱ ሥራ ላይ ጣጣ አለው። ሕሙሙ የዕለት ተግባሩን ምን ያህል በራሱ እንደሚሠራ በሚመዘግበው በቀድሞው የኤምዲኤስ ጂ ክፍል 0 ራሱን የቻለ፣ 4 ሙሉ በሙሉ ሰው የሚያስፈልገው ማለት ነበር። አሁን በአራቱም ቅጾች ያለው ጂጂ ክፍል ይህን ገልብጦታል፤ 6 ራሱን የቻለ፣ 1 ሙሉ ጥገኛ ነው። ስለዚህ በድሮው ልማድ 4 የተጻፈላቸው የአልጋ ቁራኛ አዛውንት፣ አጠገባቸው ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ብቻ የሚበቃቸው ይመስላሉ። የሚፈለገውን መረጃ የማይልክ ተቋም ደግሞ ሜዲኬር በየዓመቱ ከሚያደርገው የክፍያ ማስተካከያ 2 በመቶ ነጥብ ይቀነስበታል።

መልእክቱ የዘለለው፣ ለእኛ ግን ዋናው፦ ከጋራ ጥያቄዎቹ አንዱ የሕሙሙ ተመራጭ ቋንቋ ምን እንደሆነና አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። እናት አባቶቻችን «አማርኛ፣ አዎ እፈልጋለሁ» ብለው መመለስ ይችላሉ።